እትዬ ይጠቅማል እና የሰርጋችን አልጋ

ቤተዘመድ ያለው ሰው ሁሉ አንድ እትዬ ይጠቅማል አሉት። እኔ የሉኝም የሚል ካለ ወይ ገና አላገባም፣ ወይ ገና አልታመመም፤ ያለዚያም እትዬ ይጠቅማል ማለት እሱ ራሱ ነው፣ ዘመዶቹ አፍረው ነው ያልነገሩት።

የእኛዎቹ የአባቴ ታናሽ እህት ናቸው። ስማቸው ሌላ ነው። ይህን ማዕረግ የሰጣቸው ቤተሰቡ ነው፤ ሲሰጣቸውም እሳቸው በሌሉበት፣ በሙሉ ድምፅ ነው። ስጦታቸውን አይቶ ፊቱ ያልጠቆረ ዘመድ የለምና። ፊቱ በጠቆረ ቁጥር እሳቸው አገጫቸውን ቀና አድርገው አንድ ነገር ብቻ ይላሉ፦ «ያምራል አላልኩም። ይጠቅማል።»

ክብርት እትዬ የግንባታ ዕቃ ሱቅ አላቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሱቁን ብቻቸውን ይዘውታል፤ ከቧንቧ እስከ መጋዝ፣ ከቀለም እስከ ሚስማር የሌለ ነገር የለም። ግራጫ የሥራ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ እርሳስ ጆሯቸው ላይ ሰክተው ነው የሚውሉት። ችግሩ የሰውን ልጅ ደስታና ሐዘን ሁሉ የሚያዩት በዚያው ሱቅ መስኮት መሆኑ ነው። ለእህቴ ሰርግ እሳት ማጥፊያ ሰጡ። ያ ቀይ ሲሊንደር ከብርጭቆዎቹና ከሳህኖቹ መሐል ቆሞ በፎቶ ላይ ከሙሽራው ቀድሞ ይታያል። ለእኔ ሰርግ ደግሞ መሰላል። ሁለት ሚዜዎቼ በግራና በቀኝ ይዘውት በአዳራሹ ጠረጴዛዎች መሐል «ይቅርታ፣ ጎንበስ በሉልን» እያሉ ሲያልፉ ያየ ሰው ሰርጉን ትቶ ሥዕል የምንሰቅል መስሎታል። አጎቴ ጡረታ ሲወጣ የሥራ ጓደኞቹ ሰዓት ሸለሙት፤ እሳቸው ለመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ የሚያዝ ብረት ይዘው መጡ። አጎቴ «ሽማግሌ ነህ ለማለት ነው» ብሎ አኮረፈ። ሲያኮርፍ ከርሞ አንድ ጠዋት ሳሙና ረገጠ። ዛሬ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያን ብረት ያስጎበኛል።

ይህን ሁሉ የማወራው ወደ ዋናው ጉዳይ ለመግባት ነው። ዋናው ጉዳይ ባለቤቴ ናት።

ባለቤቴ የስፖርት አስተማሪ ናት። ሜዳ ላይ የወደቀ ተማሪ አጠገብ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ቆማ «ተነስ፣ ትችላለህ» የምትል እንጂ እጅ የምትዘረጋ ሴት አይደለችም። ሲያማት አትናገርም። ሰው ማስቸገር የሚባል ነገር ደግሞ ከሕመሙ ይብስባታል። ልትወልድ ሆስፒታል ሄደን፣ ምጡ አልሆን ብሎ በድንገት ኦፕራሲዮን ክፍል ገባች፤ ልጃችን በደኅና ወጣች፤ ተመስገን ብለን ተቃቀፍን። ሴት ልጅ፣ ጤነኛ፣ ድምፅዋ የእናቷን ፊሽካ የሚያስንቅ።

ቤት ስንገባ ግን ጣጣው መጣ። ባለቤቴ ከአልጋ መነሳት አቃታት። አንዴ ከቆመች ቀስ እያለች ትራመዳለች፤ ጭንቁ መነሳቱ ነው። ሆዷ ላይ ያለው ስፌት ቀና ልበል ባለች ቁጥር ይይዛታል። እኔ እንደ ጎበዝ ባል ሁለት እጇን ይዤ ስጎትታት ደግሞ የባሰ ያማታል። ልጅቷ የምትተኛው ከጎኗ ባለች ትንሽ አልጋ ላይ ነው። ስታለቅስ እናቷ ታያታለች፣ ትሰማታለች፣ አታነሳትም። እኔ ከኩሽና ወይ እህቴ ከሳሎን ሮጠን አንስተን እንሰጣታለን።

አንድ ከሰዓት ጠያቂው ሁሉ ወጥቶ ሲያልቅ «ልጄን ሰው ነው የሚሰጠኝ» አለችኝ። «አንድም ቀን በራሴ እጅ አንስቻት አላውቅም። እናቷ መሆኔን በምን ታውቃለች?» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ በጋዜጣ ላይ እየጻፍኩ፣ ቃል እየሸጥኩ የምኖር ሰው ነኝ፤ ያን ዕለት አንድ ቃል አጣሁ። ወጥቼ አበባ ገዝቼ መጣሁ።

ለነገሩ አበባ ሞልቶን ነበር። አበባ ብቻም አይደለም። አጎቴን የሚያህል የአሻንጉሊት ድብ ነበረን። ገና መራመድ ለማታስብ ልጅ የሚሆን ጫማ በጫማ ላይ ተደርድሯል። እህቴ፣ አምሮ መታየት የማይሰለቻት እህቴ፣ ነጭ የሐር ጋውን አመጣች፤ መቀነቱ ሲታሰር ልክ ስፌቱ ላይ ያርፋል። ከጋውኑ በቀር ሁሉም ለልጅቷ ነው። ልጅቷ ደግሞ ከጡትና ከእንቅልፍ በስተቀር ከዚህ ዓለም የፈለገችው ነገር አልነበረም።

እትዬ በሱቃቸው ፒካፕ መጡ። ከነካፖርታቸው፣ ከነእርሳሳቸው ገቡና «አራሷ የት አለች?» አሉ። መኝታ ክፍል ሲገቡ የሕፃኗን አልጋ ዞር ብለው ሳያዩ አለፉት። እህቴ ክው አለች።

«እትዬ፣ ልጅቷን አያዩዋትም እንዴ?»

«እሷንማ ሁሉም ያያታል» አሉ እትዬ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ሳይቀመጡ ቆመው። «እናቲቱን ማን አያት?»

ከዚያ ትልቅ የሸራ ከረጢታቸውን ፈቱ። መጀመሪያ የወጣው የውስጥ ሱሪ ነው። የሻይ በወተት ቀለም፣ ወገቡ ከእምብርት አልፎ ወደ ደረት የሚያቀና። እህቴ አንዱን በሁለት ጣቷ አንስታ «ድንኳን ነው?» አለች። «ስፌቱን አይነካም» አሉ እትዬ። ቀጥሎ ፊት ለፊት በቁልፍ የሚከፈት ሰፊ የሌሊት ልብስ፤ መልኩ የሆስፒታል መጋረጃ። ተኝታ የምትጠጣበት ስትሮ። ስታስል ሆዷ ላይ አጥብቃ የምትይዘው ጠንካራ ትራስ፤ ከየትኛው ወንበር እንደተነቀለ እግዜር ይወቅ። የአጥሚት ፔርሙስ እጇ የሚደርስበት ቦታ ተቀመጠ። ከዚያ ገመድ አልባ የበር ደወል አወጡ፤ መጥሪያውን ከትራሷ ጎን ለጠፉት፣ ደወሉን ኩሽና ሰቀሉት።

«ሆቴል አደረጉት እኮ» አለች እህቴ።

«ሆቴል የተኛ ሰው ውኃ ሲያምረው ያገኛል» አሉ እትዬ። «ያምራል አላልኩም።»

«ሰው አላስቸግርም እትዬ» አለች ባለቤቴ ቀስ ብላ።

«አትደውዪው፤ ግን ይኑርሽ» አሉ።

ባለቤቴ በዚያው ዕለት መጥሪያውን ነካችው፤ ውኃ ፈልጋ። እኔ ከመደንገጤ የተነሳ ውኃ ሳልይዝ ነው የሮጥኩት። ሆዷን በትራሱ ይዛ ፈገግ አለች። ከሆስፒታል ከወጣን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ስትል ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

በመጨረሻ ከከረጢቱ ሥር የሱቃቸውን ምልክት አወጡ፤ ያን በአንድ ጎኑ «ክፍት ነው»፣ በሌላው «ዝግ ነው» የሚለውን። መኝታ ክፍላችን በር ላይ ሰቀሉትና «ዝግ ነው» የሚለውን ወደ ውጭ አዞሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠያቂ ሁሉ ሳሎን ቀረ። አጎቴ ብቻ ቀልደኛ ነኝ ብሎ ሾልኮ ገብቶ አንድ ቀልድ ነገራት፤ ስትስቅ ስፌቱ ያዛትና ዓይኗ እንባ ሞላ። እትዬ ክንዱን ይዘው አወጡት። «አንተ ሰው» አሉት፣ «ስፌቷ እስኪሽር እዚህ ቤት ቀልድ ታግዷል። ቁም ነገር ካለህ ተናገር፣ ከሌለህ ሻይህን ጠጣ።» ሰውዬው ቁም ነገር ስላልነበረው ሻዩን ጠጣ።

እስከዚህ ድረስ ታግሻለሁ። በማግስቱ ግን ፒካፑ ጣውላ፣ አራት ወፍራም የእንጨት ጉማጅ፣ መሰርሰሪያና አንድ የባንክ በር ላይ ያለውን የሚመስል ረጅም የብረት እጀታ ይዞ መጣ። ነገሩ ወደ አልጋዬ እንደሚያመራ ገባኝ።

ስለ አልጋው ልናገር። አናጢው እንደ ልጁ አሽሞንሙኖ የሠራልን የሰርጋችን አልጋ ነው። እኔ ራሴ በለስላሳ ጨርቅ ነው የምወለውለው፤ ብርጭቆ አስቀምጦበት የክብ ምልክት የተወ እንግዳ ዳግመኛ አልተጋበዘም። እትዬ ባለቤቴን ወንበር ላይ አስቀምጠው የመሰርሰሪያውን ጫፍ አልጋው ጎን ላይ ሲያሳርፉ በሁለት እጄ እንጨቱን ያዝኩት።

«እትዬ፣ ይኼ እኮ የሰርጋችን አልጋ ነው።»

«ሚስትህስ የማን ናት?» አሉኝ።

እጄን አነሳሁ። መሰርሰሪያው ጮኸ። ጣውላውን አልጋው ጎን ላይ ቀጥ አድርገው በብሎን አሰሩት፤ እጀታውንም እዚያ ላይ በካቻቪቴ ገጠሙት። እኔን ደግሞ አልጋውን አንሳ አሉኝ፤ አራቱን ጉማጅ ከየእግሩ ሥር ከተቱ። ዝቅ ካለ አልጋ መነሳት ለጤነኛም አይመች፣ ከፍ ካለ ግን መቆም ብቻ ነው የሚቀረው አሉ። ይህን ሁሉ ከራሳቸው አላመነጩትም። ሆስፒታል ሄደው ነርሷን ጠይቀዋል። መጠየቅ ብቻ አይደለም፣ ባዶ አልጋ ላይ ወጥተው ተኝተው አነሳሱን አሳዩኝ ብለዋታል፤ በዚያ የሚያልፍ አንድ ደግ ሰው «እግዜር ይማርዎት እናቴ» ብሎ ብርቱካን ሰጥቷቸው ሄደ።

«በጎንሽ ተንከባለይ። እግርሽን አውርጂ። እጀታውን ያዢ። በክንድሽ ግፊ እንጂ በሆድሽ አይደለም።» ለባለቤቴ ጫማቸውን አውልቀው፣ ከነካፖርታቸው አልጋችን ላይ ተኝተው አሳዩዋት። ተነሱም። ሲነሱ እንደ ሚኒስትር ነው።

የባለቤቴ ተራ ሆነ። በጎኗ ዞረች። እግሯን አወረደች። እግሯ ወለሉን ፈለገና አጣው። አጥር ላይ እንደተቀመጠ ልጅ ተንጠልጥሎ ቀረ። ደነገጠች፤ እጇ ከእጀታው አመለጣትና ወደ ኋላ ተመልሳ ወደቀች። ትራሱ ላይ ነው የወደቀችው፤ ግን እንዲያ ስትጮኽ ሰምቻት አላውቅም።

«ገና ጉማጁ ሲገባ አልተናገርኩም?» አለች እህቴ በሩ ላይ ሆና።

ባለቤቴ ብርድ ልብሱን ፊቷ ላይ ሳበች። «ተዉኝ» አለች። «እባካችሁ፣ ሁላችሁም ተዉኝ። አልችልም።» ይህ «አልችልም» ከዚያች ሴት አፍ ሲወጣ የሰማሁት የመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ አንጀቴን በላው።

እትዬ የባለቤቴን እግር ነበር የሚያዩት። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። «በራሴ እግር ነው የለካሁት።» እሳቸው የኤሌክትሪክ ምሰሶ ናቸው፤ ባለቤቴ ትከሻቸው ጋ አትደርስም። ስንት ዓመት የሰውን በርና መስኮት ሲለኩ ኖረው ይቺን ሳቱ። ጉማጆቹን አንድ በአንድ አውጥተው፣ አልጋውን አውርደን፣ ውኃ እንኳን ሳይቀምሱ ሄዱ።

ተናድጄ ነበር። እውነቱን ለመናገር ሳይመጡ ቢቀሩም አልጠላሁም ነበር። በማግስቱ ግን ጠዋት በሩ ተንኳኳ፤ እትዬ መጋዝና ሜትር ይዘው ቆመዋል።

«እትዬ፣ ይበቃናል» አልኳቸው በሩን ሳልለቅ።

«ወደ አንተ አይደለም የመጣሁት» ብለው ጎንበስ ብለው በክንዴ ሥር አለፉ።

መኝታ ክፍል ገብተው ከአልጋው ፊት ተንበረከኩ። የማንንም ቤት ግድግዳ ሳያስፈቅዱ የሚበሱት ሴትዮ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የእኔ ልጅ፣ እግርሽን ልለካው ትፈቅጂልኛለሽ?» አሉ። ባለቤቴ ሜትሩን አየችው። ከዚያ እግሯን ከብርድ ልብሱ ሥር አወጣች። እትዬ ከጉልበቷ እጥፋት እስከ ተረከዟ ለኩ፤ ደግመው ለኩ፤ እርሳሱን ከጆሯቸው አውርደው ጉማጁ ላይ ምልክት አደረጉ። መጋዙ ኮሪደሩ ላይ ጮኸ። ምንጣፌ የእንጨት ብናኝ ለበሰ፤ እኔም መጥረጊያ ፍለጋ ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ በየከሰዓቱ ሱቃቸውን ለሠራተኛቸው ትተው ይመጣሉ። ሁለቱ በሩን ይዘጉና እኛ ሳሎን ሆነን እንሰማለን። «በክንድሽ።» «እሺ።» «በሆድሽ አልኩ?» «አላሉም።» አንዳንዴ ባለቤቴ ታለቅሳለች። የሻይ ማንቆርቆሪያ እጇ ላይ ካዩ ይቀሟታል፦ «ከልጅሽ የሚከብድ ነገር አታንሺ።» ነርሷ ያለችው ነው፤ በእትዬ አፍ ግን አዋጅ ሆነ። አንድ ቀን ከዚያ ክፍል ውስጥ «ተነሺ፣ ትችያለሽ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የእትዬ አልነበረም። ባለቤቴ ራሷን እያዘዘች ነበር። እህቴን አየኋት፤ እሷም አየችኝ፤ ሻያችንን ጠጣን።

እሑድ መጣ፤ ሳሎኑ በጠያቂ ሞልቷል። እትዬ ያን ዕለት የአንድ ደንበኛ የውኃ ሞተር ፈትተው በቀጥታ ነው የመጡት፤ እጃቸው እስከ አንጓቸው ግራሶ ነው። ገና ከበሩ ሲገቡ ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። እኔ ተነሳሁ፤ እህቴም ተነሳች። እትዬ ቀደሙንና መኝታ ክፍሉ በር ላይ ሁለት ክንዳቸውን ዘርግተው ቆሙ።

«ማንም አይገባም።»

«ልጅቷ እያለቀሰች ነው እኮ» አለች እህቴ።

«እሰማለሁ።»

ለቅሶው ጠነከረ። እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። «እትዬ፣ ያሳልፉኝ» አልኩ። «አባቷ ነኝ።»

«አባትነትህን ማን ቀማህ?» አሉኝ። «ቁጭ በል።»

ቁጭ አልኩ። አልጋው ሲንቋቋ ሰማን። ከዚያ ምንም። ልጅቷ ስትጮኽ ብቻ። ከዚያ ደግሞ የአልጋው ብሎን ሲጢጥ የሚልበት ድምፅ፣ ያ እትዬ እንዲያጠብቁት ስንት ቀን የለመንኳቸው ብሎን፣ አሁን ከዜማ ጣመኝ። እግር መሬት ነካ። አንድ እርምጃ፤ ሌላ እርምጃ። እና ለቅሶው ቀጥ አለ።

እትዬ ክንዳቸውን አውርደው ከበሩ ፈቀቅ አሉ።

ባለቤቴ ወጣች። ያን መጋረጃ የመሰለ የሌሊት ልብስ ለብሳ፣ ጸጉሯ ተንጨባሮ፣ ልጇን ደረቷ ላይ አቅፋ። በዋንጫ ቀን እንኳ እንዲህ ቀና ብላ አይቻት አላውቅም። ሳሎን የነበረው ሰው ሁሉ ብድግ አለ፤ ማን እንደጀመረው አላውቅም፣ ሁሉም ያጨበጭባል። አጎቴ ያለቅሳል። እህቴ፣ አፏን ይዛ የነበረችው እህቴ፣ እጇን ዘረጋች። ባለቤቴ አለፈቻት። እኔም እጄን ዘረጋሁ። እኔንም አለፈችኝ። ቅናት ቢጤ ወጋ አደረገኝ፤ አልዋሽም።

እትዬ ፊት ቆመች። «ይቀበሉኝ» አለች።

እትዬ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አፈገፈጉ። ግራሶ የተቀባ እጃቸውን እንደ ጥፋተኛ ልጅ ከኋላቸው ደበቁ። «እ... እጄ ቆሻሻ ነው» አሉ። «ለእነሱ ስጪ። አባቷ አለ።» ያን ጊዜ ነው ልብ ያልኩት። በዚህ ቤተዘመድ ውስጥ ከእሳቸው ያልተቀበለ ሰው የለም፤ ሲሰጧቸው ግን እጃቸውን ምን እንደሚያደርጉት አያውቁም። ማን ሰጥቷቸው ያውቅና። እኔ ራሴ ስንት ዓመት ስስቅባቸው ኖርኩ እንጂ አንድ ነገር ይዤላቸው ሄጄ አላውቅም። እንዴት እንደምወዳቸው እንኳን ለካ አላውቅም ነበር።

«ታጥበው ይምጡ» አለች ባለቤቴ። «እስከ ዛሬ ሰው ነበር ለእኔ የሚሰጠኝ። ዛሬ የምሰጠው እኔ ነኝ። ቆሜ እጠብቅዎታለሁ።»

እትዬ መታጠቢያ ቤት ገብተው በሩን ዘጉ። ውኃው ፈሰሰ። ፈሰሰ፣ ፈሰሰ። ያን ያህል ውኃ የሚፈልግ ግራሶ በዓለም ላይ የለም፤ ሁላችንም እናውቃለን። እህቴ ወንበር ስባ አምጥታ «ቁጭ በይ እንጂ፣ ይደክምሻል» አለቻት። ባለቤቴ ራሷን ነቀነቀች።

ቆማ ጠበቀቻቸው።